የመምሬ ድድና የእኔ ተልባ

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት ዕቃዬን ያስረከብኳት ልጅ ጎበዝ ናት። መስታወቱን፣ መንቀያውን፣ መፋቂያ ብረቶቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ተረከበችኝና ፈረመች። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ «ሲስተር አሰገደች፣ ቅባትና የድድ በሽታ ግንኙነት እንዳላቸው ያውቃሉ?» አለችኝ። ኮሌጅ የተማረችውን ልታካፍለኝ ፈልጋ ነው። አንዳንዱ ቅባት የድድን ቁጣ ያባብሳል፣ አንዳንዱ ያበርዳል፣ ተልባ ውስጥ ያለው ከሚያበርዱት ወገን ነው እያለች በእጇ ጭምር ታስረዳኝ ጀመር።

የማላውቅ እንዳይመስላት ብዬ፣ «አውቃለሁ፤ የማውቀውን ጽፌ እሰጥሻለሁ» አልኳት። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ለመጻፍ ቃል መግባቴ የገባኝ ቤቴ ደርሼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ይኸው እየጻፍኩ ነው። ከሥራዬ የሚያናጥበኝ ሰው ቤቴ ውስጥ ስለሌለ ጊዜ ሞልቶኛል።

ሥራ የጀመርኩት ዓለም ከተማ ነው። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። በነርስነት ተመርቄ በጥርስ በኩል የጥቂት ወራት ሥልጠና ተጨምሮልኛል፤ ወረቀቱ ነበረኝ፣ እጄ ግን ገና ሥራውን አልለመደም ነበር። የተረከቡኝ ጋሽ ደምሰው ነበሩ። በድሬሰርነት፣ ቁስል በማጠብ ጀምረው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሲያዩ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጥፍራቸውን በየቀኑ የሚቆርጡ ሰው። ዓለም ከተማ ቆላ ቀረብ ያለች ስለሆነች በበጋ ክፍላችን ይግላል፤ እሳቸው ግን የነጩን ጋወን የላይኛውን ቁልፍ ከፍተው አያውቁም።

ጋሽ ደምሰው አፍ ከማየታቸው በፊት ያሸታሉ። ታማሚው ወንበሩ ላይ ከተደገፈ በኋላ ጎንበስ ይሉና ትንሽ ቆይተው ቀና ይላሉ። የተቦረቦረ ጥርስ ሽታና የታመመ ድድ ሽታ ለየቅል መሆኑን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀጭኗን የድድ መለኪያ ብረት ይዘው ከቀኝ የላይኛው መንጋጋ ይጀምራሉ። እያንዳንዱን ጥርስ ዙሪያውን፣ በጥርሱና በድዱ መካከል፣ ቀስ አድርገው ጫፏን ያስገባሉ። ጤነኛ ድድ ጫፏን ቶሎ ይመልሳታል። የታመመው ያስገባታል፣ ያስገባታል፣ ከዚያ ይደማል። ሁሉን ዞረው ሳይጨርሱ አንድ ቃል አይናገሩም። ታማሚው ሊያወራቸው ቢሞክር እንኳ ግንባሩን በመዳፋቸው ያዝ አድርገው ይቀጥላሉ። ሲጨርሱ፣ «ዞሬያለሁ» ይላሉ። እኔ አንድ ነገር ስጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ፣ «ስንቴ ዞርሽ?» ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ሴት መጣች። መድኃኒት ውጣለች፣ በጨው ውኃ ተጉመጥምጣለች፣ ድዷ ግን እንዳበጠ ነው። «ጋሼ፣ ጀርሙ ከሞተ ድዱ በምን ይቆጣል?» አልኳቸው።

«በቆዳዋ» አሉ። በድድና በጥርስ መካከል ተጋግሮ የሚደነድነውን ቆሻሻ፣ የጥርስ ድንጋይ የምንለውን፣ ከሴትዮዋ ጥርስ ፍቀው በነጭ የጋዝ ጨርቅ ላይ አደረጉና አሳዩኝ። «የነዚህ ጀርሞች ቆዳ ቅባት አለበት። ጀርሟ ሞተች ማለት ቆዳዋ ጠፋ ማለት አይደለም፤ እዚህ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ድድ ያን ቅባት በነካ ቁጥር ጠላት የገባበት ይመስለዋል። ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። ሲብስበት ጥርስ የቆመበትን አጥንት ያስበላል። ስለዚህ መድኃኒት ሰጥተሽ ብቻ አትሸኚ። ፋቂ።»

ሁለት ዓመት ከሳቸው ጋር ሠራሁና ወደ መንዝ ተመደብኩ፣ ሞላሌ። ስለ ደመወዙ አልጽፍም፤ ያኔም አላወራንበትም። የተሰጠኝ ክፍል ከጤና ጣቢያው ግቢ ዳር፣ ከዕቃ ቤቱ ቀጥሎ ያለ ነው። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብቻ በየወሩ መጨረሻ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «ስንት ነቀልሽ?» ስንት ፋቅሽ ብለው አያውቁም፤ ሪፖርቱ ላይ መፋቅ የሚባል መስመር አልነበረም።

ብርዱን የማያውቅ ሰው አይገባውም። ጠዋት የአፍ መስታወቱን በሞቀ ውኃ ካልነከርኩት የታማሚው ትንፋሽ ያጨልመዋል። ብረቱን ሳላሞቅ ድድ ላይ ባሳርፈው ሰው ከወንበሩ ይዘላል። ገበሬዎቹ የሱፍ ባናቸውን እንደተከናነቡ ይቀመጣሉ፤ አፋቸው ሲከፈት እንፋሎት ይወጣል። ድዳቸውን የተነቀሱ ሴቶች ብዙ ነበሩ። የተነቀሰ ድድ መቅላቱ አይታይም፤ ሰማያዊው ይሸፍነዋል። እዚያ ዓይንን ማመን እንደማይቻል፣ በመለኪያዋ ጫፍ ዳስሶ ማወቅ እንደሚያስፈልግ የተማርኩት በነሱ ነው።

የእኔ ሥራ ሰው አፉን ከፍቶ የማያወራበት ሥራ ነው። የሚመጣው ሲያመው ነው፤ ሲነቀልለት ጥጥ ነክሶ፣ በእጁ አመስግኖኝ ይሄዳል። ባልደረቦቼ ትዳር ነበራቸው፤ ሥራ ሲያልቅ ወደየቤታቸው ይበታተናሉ። እኔ የተከራየኋት ክፍል ገብቼ ራዲዮ እከፍታለሁ። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ድምፄን ሳልሰማ የቀረሁበት ሰንበት ብዙ ነው። አንዳንዴ ሰኞ የመጀመሪያውን ታማሚ፣ «ይቀመጡ» ስለው ጉሮሮዬ ይዘጋ ነበር። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ በኋላ ለሚመጣው ነገር ግማሹ ምክንያት ይህ ስለሆነ ነው።

ብቸኛ ሰው ደብተር ይወዳል። እኔም የማየውን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ፦ ዕድሜ፣ ድዱ ይደማል አይደማም፣ ምን ይበላል። ሁለት ዓመት ከጻፍኩ በኋላ አንድ ነገር ታየኝ። በሁዳዴ ድዱ የሚደማ ሰው እጅግ ያንሳል። ከፋሲካ በኋላ ይጎርፋል። በዚያው ሰሞን ደብረ ብርሃን ለሥልጠና ተጠርቼ አንድ መምህር ስለ ቅባት ሲያስረዱ ሰምቼ ነበር። ሰውነታችን ከምንበላው ቅባት ቁጣ የሚያነሳሳም፣ ቁጣ የሚያበርድም ነገር ይሠራል ብለው ነበር፤ የተልባን ስምም አንስተዋል። እኔ ደግሞ አጠገቤ ምን አለ? በጾም ተልባ የሚጠጣ፣ በፍስክ ቅቤና የበግ ጮማ የሚበላ አገር። ደብተሬ ላይ በትልቁ፣ «ተልባ» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ለጋሽ ደምሰው ግን አልጻፍኩላቸውም። «ስንቴ ዞርሽ?» እንዳይሉኝ ይሆናል።

መምሬ ወደ ሥራ ክፍሌ የመጡት በጥቅምት፣ ዓርብ በሚውለው የገበያ ቀን ነው። ስድሳን የተጠጉ፣ ረጅም፣ ጥምጥማቸው የጸዳ ቄስ። በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ የጥርስ ሐኪሟ አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባቴ፣ ይግቡ። ይቀመጡ።»

«ከመቀመጤ በፊት የምጠይቅሽ አለ። ደም ሳታወጪ ታክሚኛለሽ?»

ነገሩን ቆመው ነገሩኝ። ጠዋት ሲተፉ ደም ነው። ደም እየወጣው ካህን መቅደስ አይገባም። በደብራቸው ሦስት ቀሳውስት ነበሩ፤ አንደኛው ክረምት ላይ ዐረፉ። ሁለት ቄስ ካልቆመ ቅዳሴ የለም። «ሳይደማ ያደረ ዕለት እገባለሁ። ሲደማ ታምሜያለሁ እላለሁ፣ ከሌላ ደብር ቄስ ይለመናል። እስከ መቼ ይለመናል? እኔ ከወጣሁ ቤተ ክርስቲያኑ ይታጎላል። ሃምሳ ዓመት ታጉሎ የማያውቅ ደብር ነው።»

አስቀምጬ አየኋቸው። የታችኛው የፊት ጥርሳቸው ሥር ድንጋዩ እንደ ግንብ ተሠርቷል፤ ድዱ ቀይና ያበጠ ነው። ምን መደረግ እንዳለበት በዚያች ደቂቃ አውቄዋለሁ። አራት ቀጠሮ፣ አፋቸውን በአራት ከፍዬ መፋቅ። «ከያንዳንዱ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ሊደማ ይችላል» አልኳቸው።

«አራት ሰንበት?» አሉና ተነሱ። «አይሆንም ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ቆይ፣ አባቴ» አልኩ። «ተልባ ይጠጣሉ?»

እንዲህ ተጀመረ። ተልባ በየቀኑ፣ ቅቤና ጮማ መቀነስ፣ አፍን በጨው ውኃ መጉመጥመጥ፣ በወይራ መፋቂያ በቀስታ። «በየገበያው ቀን እየመጡ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ሰፈራቸው ወደ ዘመሮ በሚወስደው በኩል፣ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። መጡ። በሦስተኛው ሳምንት የድዱ መልክ ደህና ሆነ፤ መቅላቱ ቀነሰ። ሲተፉ ነጭ ምራቅ መሆኑን ነገሩኝ። ደስታዬን ደብቄ በደብተሬ ላይ ጻፍኩት። መለኪያዋን ግን ወደ ድዱ አላስገባሁም። ካስገባሁ ይደማል፤ ከደማ ለሰንበት አይገቡም። ስለዚህ በመስታወት ብቻ አየሁ። የተነቀሰ ድድ ሲሆን ዓይኔን የማላምን እኔ፣ የሳቸውን በዓይን አመንኩ።

ምርመራው አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ መምሬ ወንበሩ ላይ ይቆያሉ፤ ተረኛ ከሌለ እናወራለን። በግ ስለበላው ማሳ የተጣሉትን ወንድማማቾች እንዴት እንዳስታረቁ ይነግሩኛል። በረዶ የመታውን ገብስ፣ የዜማ መምህራቸውን ቁጣ፣ የግእዝ ቃል ፍቺ። ባለቤታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ አያገባም፤ ልጆቻቸው ወደ ከተማ ወጥተዋል። ሲገቡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ «ዛሬ ምን በላሽ?» ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በገበያ ቀን ጠዋት ራሴን በመስታወት አየት አድርጌ መውጣት ጀመርኩ፤ አባቷ ሊጠይቃት እንደሚመጣ ሴት ልጅ።

ሁዳዴ ገባ። የደብረ ዘይት እሑድ ባለፈ በማግስቱ፣ ገበያ ባልሆነ ቀን፣ መምሬ በሩ ላይ ቆሙ። ጥምጥማቸውን አላደረጉም፤ ነጠላ ነው ራሳቸው ላይ ያለው።

«ወጣሁ» አሉኝ።

አስቀመጥኳቸው። ቅዳሴው መካከል፣ ገና ሳይቆርቡ፣ አፋቸው ጨው ጨው አላቸው። በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ቢያደርጉ ደም ነው። ለጓደኛቸው በምልክት ነግረው ከመቅደስ ወጡ። ሕዝቡ መጋረጃው ተገልጦ ብቻቸውን ሲወጡ አየ። የቀሩት ቄስ እንደምንም ቅዳሴውን ፈጸሙ። «ምን ኃጢአት ተገኝቶበት ነው ሲባባሉ ሰማሁ» አሉኝ። «ከአሁን በኋላ እስክድን አልገባም ብያለሁ። የሚመጣው ሰንበት ቅዳሴ የለም።»

እኔ ሞኟ ደብተሬን አወጣሁ። እንዴት እንዲህ ይሆናል ብዬ ለሳቸው ሳይሆን ለራሴ ላስረዳ ፈልጌ ነው። «ይኸው ይዩ፣ መምሬ። በሁዳዴ ድዱ የሚደማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ዓመት ጽፌዋለሁ። ተልባው ነው።»

መምሬ ደብተሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር።

«ልጄ፣ በሁዳዴ የሚደማ ሰው አንቺ ዘንድ ይመጣል እንዴ? ቆራቢው ደም አለብህ ብትዪው ፋሲካን ሳይቆርብ ሊቀር ነው። ጿሚው ስትነካኪው ደም ቢውጥ ጾሜ ፈረሰ ይላል። ሁሉም አፉን ዘግቶ ፋሲካን ይጠብቃል። እኔስ እስከ ዛሬ የቆየሁት ለዚሁ አይደል?»

ሕጉን እኔም አውቀዋለሁ፤ ያደግኩበት ነው። ከደብተሬ ጋር ግን አላገናኘሁትም። ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት የዳኑትን ሳይሆን የተደበቁትን ነበር። አፍሬ ደብተሩን ዘጋሁት።

«ይቆጡኝ» አልኳቸው።

«መቆጣቱ ምን ያደርግልኛል? ከመቅደስ እንደሆን ወጥቻለሁ። አሁን ደሜን አውጪው።»

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ዞርኩት። ከቀኝ የላይኛው መንጋጋ ጀመርኩ። የታችኛው የፊት ጥርስ ላይ ስደርስ መለኪያዋ ገባች፣ ገባች፣ ማቆሚያ አጣሁላት። ድዱ ከላይ ደህና መስሎ ከሥር አጥንቱ ተበልቷል። ጥርሱን በሁለት ጣቴ ያዝ ሳደርገው ተወዛወዘ። አምስቱ እንዲህ ነበሩ። ጥቅምት ላይ ብፍቃቸው ኖሮ ምናልባት አንዱ ብቻ ይሄድ ነበር፤ ምናልባት እሱም ይተርፍ ነበር። ይህን ስላወቅኩ እንደ ጀማሪ አንዱን ጥርስ ደጋግሜ ለካሁት። መምሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ አላዩኝም።

በአራት ቀጠሮ ፋቅኩ። አምስቱን ነቀልኩ። የወጣውን ድንጋይ በጋዝ ላይ ሳሳያቸው፣ «ይኼ ሁሉ እኔ አፍ ውስጥ?» አሉና አማተቡ። ደብሩ በዚያ ሁሉ ሰንበት ታጎለ፤ ትንሣኤን እንኳ ከሌላ ደብር ቄስ ተለምኖ ነው የተቀደሰው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። እኔ ብረቴን እያጠብኩ ጀርባዬን እሰጣቸዋለሁ።

በመካከሉ ለጋሽ ደምሰው ሁሉን ዘርዝሬ ጻፍኩላቸው፤ ደብዳቤውን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ላክሁ። መልሱ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ በግማሽ ገጽ ነው። «ተልባው ሐሰት አይደለም» ይላል። «ቁጣን ሊያለዝብ ይችላል። ነገር ግን የሚያስቆጣው ቅባት ድንጋዩ ላይ እንዳለ ነው። አንቺ የሚጮኸውን ሰው አፉን አፈንሽና ሕመሙን ተውሽው። የሰውየው ላይ ላዩ እየዳነ ውስጡ ያለቀው በዚህ ነው። ያወቅሽውን አትጣዪ፤ በቦታው አድርጊው። መጀመሪያ መፋቅ ነው።» ስንቴ ዞርሽ ብለው አልጠየቁኝም። አንዴም እንዳልዞርኩ እንደሚያውቁ ገባኝ።

ከፋሲካ በኋላ ድዳቸው ጠነከረ፤ መምሬም ወደ መቅደስ ተመለሱ። ከደብራቸው የመጣች አንዲት ታማሚ፣ ጥርስ በሌለበት በኩል ዜማው ትንሽ እንደሚያፏጭ፣ ሕዝቡ ግን ደስ ብሎት ዕልል እንዳለ ነገረችኝ። ጥጥ ከማስነከሴ በፊት ደጋግሜ አስወራኋት።

ሰኔ መግቢያ ላይ ለመጨረሻው ምርመራ መጡ። መስታወቱን አሞቅሁ፣ ዞርኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥርስ። መለኪያዋ በየቦታው ቶሎ ተመለሰች። አንድ ጠብታ ደም የለም። ጋዙን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው፣ ነጭ ነው። እሳቸው ከወንበሩ አልተነሱም፤ እንደ ድሮው ወግ ሊጀምሩ እግራቸውን አመቻቹ።

ያኔ ነው የነገርኳቸው። «መምሬ፣ ያን ሁሉ ወራት እንድፍቅዎት ያልገፋፋሁዎት ደሙን ብቻ ፈርቼ አይደለም። በአራት ቀጠሮ ይጨርሱና ይቀሩብኛል ብዬ ነው። የተልባው ነገር በየገበያው ቀን ያመጣዎት ነበር።» ይህን ስናገር ብረት እያስተካከልኩ ነበር፤ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮው ላይ ጀመረ።

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ። «ተልባ ቤቴ ሞልቶ የለም? ተልባ ለመጠጣት ሦስት ሰዓት በእግሬ የምመጣ መስሎሽ ነበር?»

ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እንግዲህ በስንት ቀን ልምጣ?» ብለው ጠየቁኝ። በሚመጣው ገበያ ብላቸው ይመጡ ነበር። ክረምቱ እየገባ፣ ወንዙ እየሞላ፣ ይመጡ ነበር።

«ከስድስት ወር በኋላ» አልኳቸው። «ድድዎ ድኗል።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ታኅሣሥ» አሉ። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝና ዝናቡ ሳይበረታ ወጡ። በኅዳር ዝውውሬ መጣ፤ በታኅሣሥ ሞላሌ አልነበርኩም።